የአያትን የማሸጊያ አሠራር ፈልጎ ማግኘትና ሳይታመሙ መብላት

ድስቱን ከመጣዳችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቀሪው ሁሉ ከዚህ የሚቀዳ ነው። በድሮ የማሸጊያ አሠራር፣ ማለትም ምግብን በጠርሙስ አሽጎ ለረጅም ጊዜ በማቆያ ዘዴ ውስጥ፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ ይገኛል። አንዱ ጣዕሙ ነው፤ ምን ያህል ስኳር፣ የትኛው ቅመም፣ ምን ከምን ጋር። ሌላው እሽጉ ነው፤ ስንት ደቂቃ ይፍላ፣ በምን ይከደን፣ እስከ መቼ ይቀመጥ። ጣዕሙን ከአያት ውሰዱ። ደቂቃውንና ሙቀቱን ግን በላቦራቶሪ ተፈትኖ ከወጣ የዘመኑ መመሪያ ውሰዱ። ሁለቱን ካልለያችሁ ወይ ያማረ ሙያ ትጥላላችሁ፣ ወይ ሆስፒታል ትገባላችሁ።

"እነሱ ዕድሜ ልካቸውን ሲበሉት ምን ሆኑ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም። አንዱ ምክንያት የድሮ ሰው የታሸገ አትክልት ከፍቶ እንዲሁ ስለማይበላ ነው፤ መልሶ ድስት ላይ አድርጎ በደንብ ያፈላዋል፣ ያ ማፍላት ደግሞ የታሸገ ምግብ ውስጥ ባክቴሪያ ሊያመርተው የሚችለውን መርዝ ያጠፋዋል። ዛሬ እኛ ከጠርሙሱ በሹካ እያወጣን ሰላጣ ላይ ነው የምናደርገው። ሌላው ምክንያት ደግሞ የሞቱት አሠራራቸውን ለማንም አላወረሱም።

ፍለጋው

ጎበዝ አሻጊ ሙያዋን ጽፋ በክብር አታስቀምጥም፤ እጇ ላይ ነው ያለው። ከጻፈችም ያገኘችው ወረቀት ላይ ነው፤ የፖስታ ጀርባ፣ የቀን መቁጠሪያ ቅጠል፣ የልጅ ደብተር የመጨረሻ ገጽ። ስለዚህ አሮጌ የምግብ መጽሐፍ ካለ ከታተመው ጽሑፍ ይልቅ ጠርዙን አንብቡ። በእርሳስ "ስኳሩ በዛ" ብላ የጫረችው ከመጽሐፉ ይበልጣል። በጣም የቆሸሸውን ገጽ ፈልጉ። ጭማቂ የነካው፣ ከጎኑ ካለው ገጽ ጋር የተጣበቀው፣ ተደጋግሞ የተሠራው እሱ ነው። ንጹሑ ገጽ ምናልባት አንዴም አልተሞከረ።

ቀጥሎ ጠርሙሶቹ ራሳቸው። ቁም ሳጥን አናት ላይ ወይም ዕቃ ቤት የቀሩ ጠርሙሶች ላይ የተለጠፈች ወረቀት የምግቡን ስምና ዓመቱን ልትነግራችሁ ትችላለች። መጠናቸውም መረጃ ነው። "ስድስት ጠርሙስ ይወጣዋል" የሚል አሠራር ትርጉም የሚኖረው ጠርሙሷ ስንት እንደምትይዝ ሲታወቅ ነው፤ ውኃ ሙሉባትና በሚሊ ሊትር ለኩት። ውስጧ የድሮ ምግብ ካለ ግን በጣት ጫፍም አትቅመሱ።

ከዚያ ዘመድ። አንድ አሠራር በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቀርም፤ እህት ታውቀዋለች፣ ምራት ታውቀዋለች፣ አንዳንዴም "የእሷ ሙያ" የሚባለው ከጎረቤት የተቀዳ ሆኖ ይገኛል። የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "የእማማን የኮክ ማርማላታ የሚያውቅ አለ?" ብላችሁ ጣል አድርጉና ዝም በሉ። አንዱ ቅርንፉድ ነበረው ይላል፣ ሌላዋ በፍጹም ቀረፋ ነው ትላለች። አታስታርቋቸው። ክርክሩን እንዳለ ገልብጡት፤ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሰው አሠራሩን በየዓመቱ ይለዋውጣል።

የቤተሰቡ ወረቀት ጭራሽ ከጠፋ ዘመኑን ፈልጉ። ብዙ "የቤት ሚስጥር" የጠርሙስና የስኳር ፋብሪካ ካሳተመው ትንሽ ቡክሌት፣ ከጋዜጣ የሴቶች ዓምድ ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበር ካሳተመው የምግብ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። እንደ ኢንተርኔት አርካይቭና ሃቲትረስት ያሉ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያሉ አሮጌ ኅትመቶችን በነጻ ያስነብባሉ። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲም ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 20ኛው መጀመሪያ የታተሙ የአሜሪካ የምግብ መጻሕፍትን ስካን አድርጎ አስቀምጧል። በምግቡ ስም ብቻ ሳይሆን በአንድ እንግዳ በሆነ ግብዓት ፈልጉ፤ ከ"ቲማቲም" ይልቅ ለየት ያለችው ቅመም ቶሎ ታደርሳችኋለች።

ወረቀቱን ማትረፍ

ይሄ አጭር ነው። ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሱት፤ ጀርባውንም ጭምር። ቀለሙ የደበዘዘ ከሆነ ስልካችሁ ላይ ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ ንፅፅሩን ከፍ ስታደርጉት የማይታይ የነበረ ፊደል ብቅ ይላል። ላሚኔት አታስደርጉት፤ አንዴ ከሆነ መመለሻ የለውም። ከዚያ ቃል በቃል ገልብጡ፤ የፊደል ስህተቱን አታርሙ፣ "ትንሽ" ያለውን "ግማሽ ማንኪያ" አታድርጉት። የእናንተ ግምት ካለ በሌላ ቀለም ከጎኑ ይጻፍ። አለዚያ ከዓመታት በኋላ የማን ቃል እንደሆነ ይጠፋል።

ባለሙያዋን ማስወራት

በሕይወት ያለች ባለሙያ ካለች ወረቀቱ ሁለተኛ ነው። ችግሩ "ጨው ስንት ይገባል?" ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ "እንደ መጠኑ ነዋ!" መሆኑ ነው። በቃል መጠየቁን ተዉትና ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። የስኳሩን ከረጢት ከነስኳሩ መዝኑ፣ እሷ በዓይኗ ግምት እንደፈለገች ትጨምር፣ ስትጨርስ መልሳችሁ መዝኑ። ልዩነቱ የገባው ስኳር ነው። ጨውም፣ አቼቶም እንደዚያው። እጇን አላቋረጣችሁም፣ ቁጥሩም ተገኘ።

ሁለት ጥያቄ ግን በቃል ጠይቁ። አንዱ "እትዬ፣ መድረሱን በምን ነው የሚያውቁት?" የሚለው ነው። መልሱ ደቂቃ አይሆንም። "አረፋው ትልልቅ ሆኖ ቀስ እያለ ሲፈነዳ"፣ "ማንኪያው ላይ ሲንጠለጠል" ይሏችኋል፤ ይሄ ወረቀት ላይ የማይገኝ ወርቅ ነው። ሌላው "የተበላሸብዎት ጊዜ አለ? እንዴት ሆኖ?" ነው። ሰው ስለተሳካለት ሲያወራ ያሳጥራል፣ ስለተበላሸው ሲያወራ ግን ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ክዳኑ እንዴት እንደነበር፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ምን እንደሸተተ።

ዕድሜውን መገመት

ወረቀቱ መቼ እንደተጻፈ ማወቅ የቱን ያህል ልታምኑት እንደሚገባ ይነግራችኋል። ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በማፍላት ማቆየትን የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1810 ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ተሸልሞበታል። ለምን እንደሚሠራ ግን አያውቅም ነበር። ተሕዋስያን ምግብ እንደሚያበላሹ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ያሳየው ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በጣም አደገኛው ባክቴሪያ (ከታች የምናየው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1895 ቤልጅየም ውስጥ የሙዚቃ ጓድ አባላት በካም ሥጋ ከተመረዙ በኋላ ነው በቤልጅየማዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ቫን ኤርመንገም የተለየው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር "አሲድ የሌለው አትክልት በግፊት ድስት ብቻ" ያለው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ቲማቲም ላይ አሲድ ይጨመር የሚለው ምክር በሚኒስቴሩ መመሪያ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 እትም ነው። ልብ በሉ፣ 1988። የእናታችሁ ወረቀት ከዚያ በፊት የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

ዓመት ከሌለው ዕቃው ይናገራል። ሰም አቅልጠሽ አፍሺበት የሚል፣ የጎማ ቀለበትና የመስታወት ክዳን የሚጠቅስ አሠራር የቆየ ነው። ጠፍጣፋ ክዳንና የሚጠመዘዝ ቀለበት ለየብቻ የሚጠቅስ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1915 ወዲህ ነው፤ ባለ ሁለት ክፍሉ ክዳን የመጣው ያኔ ነው። መጥፎው ዜና በዕድሜው ብቻ አሠራሩን ነፃ ማውጣት አለመቻላችሁ ነው፤ ሰው በ2005ም የ1920ውን ይገለብጣል።

ዋናው ጥያቄ፦ አሲድ አለው ወይስ የለውም?

ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ አፈር ውስጥ በየቦታው ይገኛል። ሲቸግረው ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ ይተኛል፣ እንዲህ ሲሆን ስፖር ይባላል። ስፖሩ በሚፈላ ውኃ አይሞትም። ታዲያ አየር የሌለበት፣ እርጥብ፣ አሲድ የማይበዛበት፣ በቤት ሙቀት የተቀመጠ ቦታ ሲያገኝ ይነቃና መርዝ ያመርታል። አየር የሌለበት፣ እርጥብ፣ በቤት ሙቀት የተቀመጠ። የታሸገ ጠርሙስ ማለት ይሄው ነው። የቀረው አሲዱ ብቻ ነው።

ድንበሩ ፒኤች 4.6 ነው፤ ፒኤች የአሲድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ነገሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው። ከዚያ በታች የሆነ፣ ማለትም የሚኮመጥጥ ነገር ውስጥ ስፖሩ አይነቃም፣ ስለዚህ የፈላ ውኃ ይበቃል። አብዛኞቹ ፍራፍሬዎች፣ ማርማላታ፣ በአቼቶ የተሠራ ኪያር እዚህ ናቸው። ከ4.6 በላይ የሆነው ሁሉ፣ ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ በቆሎ፣ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ሾርባ፣ ከ116 እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ውኃ ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ ከዚያ አያልፍም። የድሮ መጻሕፍት "ፎሶሊያውን ሦስት ሰዓት ቀቅይ" ይላሉ፤ ሦስት ሰዓትም ሆነ ስድስት፣ ውኃው 100 ላይ ነው። ግፊት ብቻ ነው የሚያሳልፈው።

መሐል ላይ የቆሙ አሉ፣ እነሱ ናቸው ሰው የሚያሳስቱት። ቲማቲም፣ በለስ፣ ነጭ ሥጋ ያለው ኮክ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝ። ጣፋጭ ፍሬ ስለሆነ ፍራፍሬ ነው ብላችሁ አትለፉት። ቲማቲምም እንደ ዝርያው፣ እንደ ብስለቱ ይለያያል፤ ከመጠን በላይ የበሰለ ወይም ከደረቀ ተክል ላይ የተለቀመ አሲዱ ይቀንሳል።

ስለዚህ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ከእያንዳንዱ ግብዓት ጎን "ኮምጣጣ" ወይም "ኮምጣጣ ያልሆነ" ብላችሁ ጻፉ። ኮምጣጣ ያልሆነው አንድም ቢሆን ከገባ ቆም በሉ። በምላስ አትወስኑ፤ ስኳር አሲድን ይደብቃል።

የድሮ አሠራር ወጥመዶች

እነዚህ ወረቀቱ ላይ ከታዩ በእርሳስ አክብቡባቸው።

"ጠንካራ አቼቶ፣ በውኃ እኩል ተቀላቅሎ።" የድሮው አቼቶ ጥንካሬው በየቤቱ ይለያይ ነበር። ዛሬ የምንገዛው አብዛኛው 5 በመቶ አሲድ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ይሄን አንድ ለአንድ በውኃ ካቀጠናችሁ 2.5 በመቶ ሆነ፣ ጣዕሙ ደስ ይላል፣ መከላከያው ግን ሄደ። 5 በመቶ መሆኑን አረጋግጡ፣ የውኃና የአቼቶ መጠኑን ከተፈተነ አሠራር ውሰዱ። ኮመጠጠ ካላችሁ ስኳር ጨምሩ እንጂ አቼቶ አትቀንሱ። ቤት የተጠመቀ አቼቶ ለማሸጊያ አይሁን፤ ሰላጣ ላይ ይደረግ።

"ትኩስ ሞልተሽ፣ ክደሽ፣ ገልብጪው።" በጣም የተለመደ ነው፣ ዛሬም ብዙ ሰው ይሠራዋል። ክዳኑ ጢቅ ብሎ ይገባል፣ ሰውም ታሸገ ይላል። ክዳን መጥበቁ ግን ውስጡ ያለው ነገር መሞቱን አያሳይም። ጠርሙሱ ከተሞላ በኋላ ከነምግቡ ውኃ ውስጥ መፍላት አለበት።

"ምድጃ ውስጥ ጋግሪው።" አይሆንም። ደረቅ ሙቀት ወደ መሐሉ በቀስታ ነው የሚገባው፣ ጠርሙሱም ፈንድቶ ፊት ላይ ሊመጣ ይችላል።

"ላዩን ሰም አፍስሺበት።" ሰም ሲቀዘቅዝ ይሸሻል፣ በጠርዙ ሻጋታ ይገባል። ማርማላታ የሻገተ እንደሆነ ላዩን ጠርጎ መብላት ቀርቷል፣ ሻጋታ የሚያመርተው መርዝ ወደ ውስጥ ሊዘልቅ ስለሚችል ጠርሙሱ በሙሉ ይጣላል።

"አረንጓዴነቱ እንዲቆይ የመዳብ ሳንቲም ጨምሪ።" ቀለሙን የሚያስውበው ምግቡ ውስጥ የሚሟሟው መዳብ ነው፣ መዳቡ ራሱ ደግሞ ይመርዛል። ከዚሁ ወገን "የማሸጊያ ዱቄት" የሚባል ሳሊሲሊክ አሲድ ወይም ቦሪክ አሲድ፣ በኋላም አስፕሪን እንዲገባ የሚያዝ ታገኛላችሁ። ሁሉንም ሰርዙ። ሻብ ኪያርን ለማጠንከር ይገባ ነበር፣ ሳይገባም ይሠራል። ኖራ የሚያዝ ከሆነ ደግሞ ኖራ አሲድን እንደሚያጠፋ አትርሱ፤ በደንብ ተደጋግሞ ካልታጠበ የአቼቶውን ሥራ ያፈርሰዋል።

"ዱቄት አድርገሽ አወፍሪው"፣ "ቅቤ ጣል አድርጊበት"፣ "ዱባውን ፈጭተሽ"። የወፈረ ነገር ሙቀት ወደ መሐሉ አያስገባም። የተፈጨ ዱባ በግፊት ድስትም ቢሆን ለቤት ማሸጊያ አይመከርም፤ ተቆራርጦ ብቻ። እንዲህ ያለ አሠራር ስታገኙ አትጣሉት፣ ሠርታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። የአያት ሙያ ግዴታ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ስለ መለኪያ ደግሞ፣ ወረቀቱ ከየት አገር መጽሐፍ እንደተቀዳ ካላወቃችሁ ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ፓይንት 473 ሚሊ ሊትር፣ የእንግሊዙ 568 ነው። የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ 20 ሚሊ ሊትር ሲሆን የሌላው ብዙ ጊዜ 15 ነው። ለማርማላታ ልዩነቱ ጣዕም ነው፣ ለአቼቶና ለሎሚ ጭማቂ ግን ደኅንነት ነው።

አንዱን ወረቀት አብረን እንፍታ

እንዲህ የሚል አገኛችሁ እንበል፦ "ቲማቲም አንድ ባልዲ። ሽንኩርት አራት ራስ። ቃሪያ እንደ ፍላጎት። ጨው አንድ እፍኝ። ቀረፋና ቅርንፉድ። አቼቶ አንድ ሲኒ። እስኪወፍር ቀቅይ፣ አጥልይ፣ ጠርሙስ ሙዪ፣ ክደሽ ገልብጪ።"

መጀመሪያ ጣዕሙን አውጡ። ጣዕሙ ያለው ቀረፋውና ቅርንፉዱ ላይ ነው፤ ቲማቲም ከነሱ ጋር ሁሉም ቤት አይሠራም። እነዚህ የደረቁ ቅመሞች ስለሆኑ እንደልባችሁ ልትጨምሩና ልትቀንሱ ትችላላችሁ፣ ደኅንነቱን አይነኩም። ጨውም እዚህ ለጣዕም ብቻ ነው። ጨው መቀነስ የሌለበት በጨው ተዘፍዝፎ እንዲቦካ በሚደረግ አትክልት ላይ ነው፤ እዚያ ጨው ሥራ አለው።

ቀጥሎ አሲዱ። ቲማቲም ድንበር ላይ ነው። ሽንኩርትና ቃሪያ አሲድ የላቸውም፣ በበዙ ቁጥር ድስቱን ወደ አደጋው ወገን ይጎትቱታል። ቃሪያው ደግሞ "እንደ ፍላጎት"! አቼቶው አንድ ሲኒ ነው፣ ባልዲው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ግን አይታወቅም። በዚህ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ይሄን ድብልቅ ማሸግ አይቻልም፤ ነገሩ ያለቀ ነው።

ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ሽንኩርትና ቃሪያ ያለበት የተፈተነ የቲማቲም ስጎ አሠራር ፈልጎ የእሱን መጠን ሳይነኩ መያዝና የአያትን ቅመም ማስገባት ነው። ከፈለጋችሁ የሚያቃጥለውን ቃሪያ በማያቃጥል መተካት ይቻላል፣ ጠቅላላ መጠኑ እስካልጨመረ ድረስ። አቼቶ በሚያዝ አሠራር ላይ በምትኩ በጠርሙስ የሚሸጥ የሎሚ ጭማቂ መጠቀም ይቻላል፣ ሎሚ ይበልጥ ኮምጣጣ ነውና። ሎሚ ያለውን በአቼቶ መተካት ግን አይቻልም።

ሁለተኛው፣ እኔ የምወደው፣ ቲማቲሙን ብቻውን ማሸግ ነው። ቀቅሎ አጥልሎ ማወፈር፣ የደረቀውን ቅመም መጨመር፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን የምትበሉ ቀን ጠብሶ መቀላቀል። ጣዕሙ እንዲያውም ያምራል፣ ሽንኩርቱ ትኩስ ነው። ወደ 470 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ጠርሙስ አንድ የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ወይም ሩብ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ባዶው ጠርሙስ ውስጥ ቀድሞ ይገባል፤ ለሊትሩ ጠርሙስ እጥፍ ይሁን። ከፍሬው የተጨመቀ ሎሚ አይደለም፤ የፍሬው አሲድ ይለያያል፣ የፋብሪካው ግን አንድ ዓይነት ነው። ለዚህ ስጎ የመፍያው ጊዜ በ470 ሚሊ ሊትሯ ጠርሙስ እስከ 300 ሜትር ከፍታ 35 ደቂቃ፣ እስከ 900 ሜትር 40፣ እስከ 1800 ሜትር 45፣ ከዚያ በላይ 50 ደቂቃ ነው።

ከፍታው ለምን ገባ? ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ደጋ ላይ የምትኖሩ ውኃችሁ ይንፈቀፈቃል እንጂ 100 አልደረሰም። የድሮ ወረቀት ከፍታን አይጠቅስም፣ ጻፊዋ ቤቷን እንጂ የእናንተን አታውቅም። ስልካችሁ ከፍታችሁን ይነግራችኋል፣ አሁኑኑ እዩት።

ማሸጉ

ዕቃው ይቅደም። ለማሸጊያ የተሠራ ጠርሙስ ይሁን፣ አፉ ላይ ጣታችሁን አዙሩ፣ ትንሽ ጭረት ከተሰማችሁ ለስኳር ማስቀመጫ አድርጉት። ጠፍጣፋው ክዳን አዲስ ይሁን፣ ቀለበቱ ካልዛገ ይደገማል። ማሸጊያ ድስቱ ጥልቅ ይሁን፣ ከታቹ ጠርሙሶቹ ቂጡን እንዳይነኩ የሽቦ ማስቀመጫ ይግባበት።

ጠርሙሶቹን በሳሙና አጥባችሁ ሙቅ ውኃ ውስጥ አቆዩአቸው። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ትኩስ ምግብ ከገባ ይሰነጠቃል። የመፍያው ጊዜ ከ10 ደቂቃ በታች ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዳንድ ማርማላታ፣ ባዶዎቹን አስቀድማችሁ 10 ደቂቃ ቀቅሏቸው።

ሙሏቸው፣ ግን እስከ አፍ አይደለም። ለማርማላታ ከአፉ ሥር 6 ሚሊ ሜትር፣ ለፍራፍሬ፣ ለቲማቲምና ለአቼቶ አትክልት 1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በግፊት ድስት ለሚገባው ብዙ ጊዜ 2.5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተው። የፕላስቲክ ማንኪያ ጫፍ በጎን በጎኑ አስገብታችሁ አየሩን አስወጡ፣ ከጎደለ ሙሉ። ከዚያ አፉን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ይሄን ሰው ይዘለዋል፤ አንዲት የቲማቲም ፍሬ ወይም የስኳር ጠብታ ክዳኑ ሥር ከቀረች ሁሉም ድካም ከንቱ ነው። ቀለበቱን በጣት ጫፍ እስኪይዝ ብቻ አጥብቁ፤ ሲፈላ አየር መውጫ ይፈልጋል።

ድስቱ ውስጥ ስታስገቡ ውኃው ከክዳኖቹ በላይ ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናቸው። ደቂቃ የሚቆጠረው ካስገባችሁ በኋላ ውኃው እንደገና ሲንፈቀፈቅ ነው። መሐል ላይ መፍላቱን ካቆመ ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምራል፣ ምሕረት የለውም። ሲያበቃ እሳቱን አጥፉ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ አውጡና ነፋስ የማይመታው ቦታ ጨርቅ ላይ አቁሟቸው። ቀለበቱን መልሳችሁ አታጥብቁ። ሲቀዘቅዙ ክዳኖቹ "ጢቅ" እያሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ።

አሲድ ለሌለው ነገር የሚያስፈልገው ትልቁ የማሸጊያ ግፊት ድስት ነው፣ ባቄላ የምንቀቅልበት ትንሿ ፕሬሸር ኩከር አይደለችም፤ ቶሎ ትሞቃለች፣ ቶሎ ትበርዳለች፣ የተፈተኑት ደቂቃዎችም ለእሷ አልተሰሉም። ባለ ብዙ ቁልፉ የኤሌክትሪክ ድስትም እንደዚያው። በትልቁ ስትሠሩ የእንፋሎት መውጫው ላይ የሚጫነውን ክብደት ከማስቀመጣችሁ በፊት እንፋሎቱ 10 ደቂቃ በነጻ ይውጣ፤ ውስጡ አየር ከቀረ መለኪያው የሚያሳየው ግፊት ሙቀቱን አይወክልም። ለምሳሌ የተቆራረጠ ፎሶሊያ በ470 ሚሊ ሊትሯ ጠርሙስ 20 ደቂቃ ነው፤ ክብደት በሚጫንበት ድስት እስከ 300 ሜትር ከፍታ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ከዚያ በላይ 15 ፒኤስአይ።

ማርማላታ የምትሠሩ ደግሞ የድሮው ሳህን ፈተና ዛሬም ይሠራል፤ ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ሳህን ላይ ጠብ አድርጉ፣ በጣት ስትገፉት ከተጨማደደ ደርሷል። ቴርሞሜትር ካላችሁ ባሕር ጠለል ላይ 104 ወይም 105 ዲግሪ ነው፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ውኃ በእናንተ ቤት ከሚፈላበት 4 ወይም 5 ዲግሪ ከፍ ሲል።

ማስቀመጥና መክፈት

ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ክዳኑን መሐሉ ላይ ጫኑት። ከተነሣና ከተመለሰ አልታሸገም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ በአዲስ ክዳን እንደገና አፍሉት፣ ወይም ፍሪጅ አስገብታችሁ ብሉት። የታሸጉትን ቀለበታቸውን አውጡ፣ እጠቡ፣ ስሙንና ቀኑን ጻፉ፣ ከ10 እስከ 21 ዲግሪ ባለ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። ቀለበቱ የሚወጣው ክዳኑ ከለቀቀ እንዲታወቅ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ብሉት።

የመጀመሪያውን ጊዜ ትንሽ ሥሩ፣ ሦስት አራት ጠርሙስ። ከወረቀቱ የተቀየረውን፣ የፈላበትን ደቂቃ፣ የአቼቶውን በመቶኛ ከአያት ቃል ሥር ጻፉ።

ስትከፍቱ ክዳኑ ካበጠ፣ ሲከፈት ከረጨ፣ ካፈሰሰ፣ ከሸተተ፣ አትቅመሱ። ግን የቦቱሊነም ባክቴሪያው መርዝ ያለ ምንም ሽታና ያለ መልክ ለውጥ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ "ደህና ይሸታል" ማረጋገጫ አይሆንም። አሲድ የሌለውን ምግብ በትክክል ብታሽጉትም ከመቅመሳችሁ በፊት 10 ደቂቃ አፍሉት፤ በየ300 ሜትር ከፍታ አንድ ደቂቃ ይጨመር። አሠራሩ ትክክል እንዳልነበረ ካወቃችሁ ግን ማፍላትም አይደለም፣ ይጣል፤ ሕፃንና እንስሳ በማይደርስበት። የታሸገ ነገር የበላ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ነገር ሁለት ሁለት ከታየው፣ የዓይኑ ቆብ ከወረደ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም መዋጥ ከከበደው ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ማርከሻ መድኃኒት አለው፣ ቶሎ ሲሰጥ ነው የሚሠራው። ምን እንደበላም ለሐኪሙ ይንገር፣ ጠርሙሱ ካለ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዞት ይሂድ።